ደመወዝ ስምንተኛ ነበር፦ በግዳንስክ የአውሮፓ ሶሊዳሪቲ ማዕከልን ስንጎበኝ

ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡትን አባቴን ይዤ ከበርሊን በባቡር ወደ ፖላንዷ የወደብ ከተማ ወደ ግዳንስክ የሄድኩት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ በቀድሞው የመርከብ መሥሪያ ግቢ በር ላይ የተሠራውን የአውሮፓ ሶሊዳሪቲ ማዕከል፣ ማለትም ሶሊዳሪቲ የተባለውን ነፃ የፖላንድ ሠራተኞች ማኅበር ታሪክ የሚያሳየውን ሙዚየም ላሳያቸው። አባቴ ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረታዊ ማኅበራቸው ጸሐፊ ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ስለ ፖላንድ ሠራተኞች አድማ በሬዲዮ የሰሙት ከሁለት ዓረፍተ ነገር የማይበልጥ ነበር፤ እሱም ቢሆን «የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያዎች» ከሚል ቅጽል ጋር። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሙዚየም ግምገማ ቢሆንም፣ የገመገምነው ሁለት ሆነን መሆኑን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል፤ እኔ እንደ ጎብኚ፣ አባቴ ደግሞ ማኅበር መሥርቶ ማኅበሩ ሲፈርስ እንዳየ ሠራተኛ። (ስለ አገራችን ስናገር ካልሆነ በቀር የዘመን ቁጥሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ማዕከሉ ከከተማው ዋና የባቡር ጣቢያ በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀለም ሳይቀባ የቀረ የመርከብ ጎን ይመስላል፤ ግድግዳው በሙሉ ዝገት በለበሰ የብረት ልባስ የተሸፈነ ነውና። አባቴ መጀመሪያ ሕንፃው አልቆ እንደሆነ ጠየቁኝ። ዝገቱ ሆን ተብሎ የተመረጠ መሆኑን ስነግራቸው ግን ቀረብ ብለው በመዳፋቸው ዳበሱትና «የሥራ ቦታ ነው የሚመስለው» አሉ። ሕንፃው በነሐሴ 2014 የተከፈተ ሲሆን፣ በ2016 የአውሮፓ ምክር ቤት የሙዚየም ሽልማት ተሰጥቶታል። ፊት ለፊቱ ባለው አደባባይ ላይ 42 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት የብረት መስቀሎች፣ አናታቸው ላይ መልሕቅ ተሰቅሎባቸው፣ በ1970 የተገደሉትን የመርከብ ሠራተኞች ያስታውሳሉ። ከመስቀሎቹ አጠገብ ያለው የመርከብ መሥሪያው ቁጥር 2 በር በ1980 አድማ ጊዜ የሠራተኛ ሚስቶችና እናቶች በፍርግርጉ በኩል ምግብ ያቀበሉበት፣ አበባና የሮማውን ጳጳስ የዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊን ሥዕል የሰቀሉበት በር ነው። ትኬት ከመቁረጥ በፊት እዚህ በር ላይ አሥር ደቂቃ መቆም ይጠቅማል፤ ውስጥ የሚታየው ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነውና።

ቋሚው ኤግዚቢሽን በሰባት አዳራሾች የተከፈለ ነው። ታሪኩን ከሥር መሠረቱ በቅደም ተከተል አይጀምርም፤ በቀጥታ ነሐሴ 1980 ውስጥ ያስገባና ለምን እዚያ እንደተደረሰ በሁለተኛው አዳራሽ ወደ ኋላ ተመልሶ ይነግራል። ይህን አደራረግ ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያው አዳራሽ ጣሪያ በቢጫ የሠራተኛ ሄልሜቶች ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ሲያልፉ ሰው በሌለበት የሰው ብዛት ይሰማል። ጥግ ላይ የክሬን ጋቢና ቆሟል። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከእንዲህ ዓይነቱ ጋቢና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አና ቫሌንቲኖቪች በመርከብ መሥሪያው በብየዳ ሠራተኝነት ጀምራ በኋላ ክሬን የምትነዳ ሴት ነበረች፤ ከመንግሥትና ከገዥው የኮሙኒስት ፓርቲ ነፃ የሆነ ማኅበር ለማቋቋም በስውር ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች አንዷ በመሆኗ፣ ጡረታ ለመውጣት አምስት ወር ብቻ ሲቀራት በነሐሴ 1980 መጀመሪያ ከሥራ ተባረረች። ነሐሴ 14 ቀን ንጋት ላይ ጥቂት ወጣት ሠራተኞች «ቫሌንቲኖቪች ወደ ሥራዋ ትመለስ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል እየዞሩ ማሽን ማስቆም ጀመሩ። ከአራት ዓመት በፊት ከዚያው ግቢ የተባረረው ኤሌክትሪሺያን ሌህ ቫዌንሳም (በእኛ ሬዲዮ ሌክ ዋሌሳ ይባል የነበረው) መጥቶ ተቀላቀላቸውና የአድማው መሪ ሆነ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ነገር በብዙ ሰው ዘንድ ስለማይታወቅ ትንሽ ልዘርዝረው። በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 16፣ የግቢው አስተዳደር የደመወዝ ጭማሪውን ተቀበለ፤ የተባረሩትንም ሊመልስ ተስማማ፤ አድማውም ማብቃቱ ታወጀ። ሠራተኛው ዕቃውን ሸክፎ ወደ በሩ መጉረፍ ሲጀምር፣ የከተማውን ትራም ያቆመችው ሾፌር ሄንሪካ ክሺቮኖስ ትልቁ ግቢ ከወጣ ትንንሾቹ መሥሪያ ቤቶች አንድ በአንድ እንደሚመቱ ጮኻ ተናገረች፤ የግቢው ክሊኒክ ነርስ አሊና ፒየንኮቭስካና ቫሌንቲኖቪች ደግሞ ወደ በሮቹ ሮጠው ሰው እንዳይወጣ ለመኑ። ብዙው ወጥቶ ሄደ፤ የቀረው ግን በዚያው ሌሊት የሌሎች መሥሪያ ቤቶችን ተወካዮች የሚያካትት የጋራ የአድማ ኮሚቴ አቋቋመ። ጥያቄው የአንድ ግቢ ጥያቄ መሆኑ ያኔ አበቃ። አባቴ ይህን ሳነብላቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኛ ዘንድ ጭማሪው ከመጣ በኋላ በሩን የሚዘጋ ሰው አልተገኘም» አሉኝ። ነገሩን በማማረር አልነበረም ያሉት፤ እንደ አንድ ባለሙያ የሌላውን ሥራ አይቶ እንደሚመሰክር ነበር።

ሙዚየሙን ለማየት አንድ ምክንያት ብቻ ስጪ ብባል በዚሁ አዳራሽ ያሉትን ሁለት የኮምፔንሳቶ ሰሌዳዎች እጠራለሁ። የአድማው 21 ጥያቄዎች በእጅ ተጽፈው በቁጥር 2 በር ላይ የተሰቀሉት በእነዚህ ላይ ነው፤ ዩኔስኮም በ2003 በዓለም የሰነድ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሯቸዋል። ፊደሉ የባለሙያ ፊደል አይደለም፤ መሥመሩ እየጠበበ ሲሄድ ጸሐፊው ቦታ እንዳያልቅበት እንደተጨነቀ ያስታውቃል። አባቴ መነጽራቸውን አውጥተው፣ ቋንቋውን ባያውቁትም፣ ከቁጥር ቁጥር ጣታቸውን ከሩቅ እየቀሰሩ ወረዱ። ከዚያም «ደመወዙ ስንተኛው ላይ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። ስምንተኛው ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 2000 ዝሎቲ ጭማሪ። «ከሱ በፊት ያሉትን አንብቢልኝ» አሉ። የመጀመሪያው ከፓርቲውና ከአሠሪው ነፃ የሆነ የሠራተኛ ማኅበር እንዲፈቀድ፤ ሁለተኛው የሥራ ማቆም መብትና ለአድማ አድራጊዎች ዋስትና፤ ሦስተኛው የመናገርና የማተም ነፃነት፤ አራተኛው በ1970 እና በ1976 አድማዎች ምክንያት ለተባረሩት ሥራቸው፣ ለተባረሩ ተማሪዎችም ትምህርታቸው እንዲመለስላቸው፣ የፖለቲካ እስረኞችም እንዲፈቱ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ውስጥ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ስነግራቸው አባቴ እንደገና አስደገሙኝ። አድማ አድራጊዎቹ ነፃ ማኅበር የጠየቁት ፖላንድ ራሷ ያጸደቀችውን የዓለም የሥራ ድርጅት ቁጥር 87 ስምምነት ጠቅሰው ነው። ይህ ስለ መደራጀት ነፃነት የሚደነግገው ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም በ1955 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የጠራው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ሲፈርስና በሚቀጥለው ዓመት የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር፣ መኢሠማ፣ በቦታው ሲተከል አገሪቱ ይህንኑ ስምምነት ፈርማ ነበር። በሁለቱም አገሮች ሠራተኛውን እወክላለሁ የሚለው ፓርቲ ወይም መንግሥት የሠራተኛውን ማኅበር በራሱ እጅ ይዞ ነበርና፣ ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው፤ ወዛደሩ ገዥ መደብ ከሆነ ለምን በገዛ ማኅበሩ መሪውን አይመርጥም? የግዳንስክ ሠራተኞች ይህን በንድፈ ሐሳብ አልተከራከሩበትም። ቁጥር አንድ ብለው በሰሌዳ ጻፉት።

ድርድሩም ያስተምራል። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሚየቺስዋቭ ያጊየልስኪ ከዋርሶ መጥቶ ከአድማ ኮሚቴው ጋር የተቀመጠበት ንግግር በግቢው የድምፅ ማጉያ በቀጥታ ይተላለፍ ነበርና፣ ውጭ ሣር ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ እያንዳንዱን ቃል ይሰማ ነበር። የተወካዮች ልብ ወዲያና ወዲህ እንዳይል ከዚህ የተሻለ ዘዴ ይኖራል ብዬ አላስብም። ነሐሴ 31 ቀን ስምምነቱ ተፈረመ። ቫዌንሳ የፈረመው የጳጳሱ የዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሥዕል ባለበት ትልቅ እስክሪብቶ ነው። ማኅበሩ ሶሊዳርኖሽች (በእንግሊዝኛው ሶሊዳሪቲ)፣ ማለትም «አጋርነት» ተብሎ በኅዳር በይፋ ተመዘገበ፤ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥም 36 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት አገር ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጋ አባል አፈራ።

ሁለተኛው አዳራሽ ወደ ኋላ ይመለሳልና መንፈሱ ይከብዳል። በታኅሣሥ 1970 መንግሥት ከገና በዓል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የምግብ ዋጋ ሲጨምር የባሕር ዳርቻው ከተሞች ሠራተኞች ወደ አደባባይ ወጡ፤ ወታደርና ሚሊሺያም ተኮሰባቸው፤ ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። እዚህ በመስታወት ውስጥ ጥይት የበሳው የአንድ የሃያ ዓመት የመርከብ ሠራተኛ ጃኬት ተሰቅሏል። ማብራሪያው አጭር ነው፤ ሙዚቃም አላጀበውም። ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ስለ ዕለት ኑሮው፣ ስለ ባዶ መደርደሪያና ስለ ሰልፉ የሚያሳየውን ክፍል ግን በፍጥነት አለፍነው፤ በቀበሌ ሱቅ በራሽን ስኳር ለወሰደ ሰው ብዙ አዲስ ነገር አይነግርም።

በሦስተኛው አዳራሽ ያሉት አሥራ ስድስት የነፃነት ወራት በቀይ ቀለም ደምቀው ይታያሉ፤ አራተኛው በድንገት ይጨልማል። ታኅሣሥ 13 ቀን 1981 እሑድ ንጋት የአገሪቱ መሪ ጄኔራል ቮይቼህ ያሩዜልስኪ በቴሌቪዥን ወጥቶ የጦርነት ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ታንክ መንገድ ላይ ወጣ፤ ስልክ በመላው አገሪቱ ተቋረጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የማኅበሩ ሰዎች ከአልጋቸው ላይ ተለቅመው ታሰሩ። ከሦስት ቀን በኋላ ቩየክ በተባለው የከሰል ማዕድን አድማ ያደረጉ ዘጠኝ ማዕድን ቆፋሪዎች በጥይት ተገደሉ። ስልኩ በኋላ ሲመለስ፣ ደዋዩ መጀመሪያ የሚሰማው «ንግግሩ ቁጥጥር ይደረግበታል» የሚል ድምፅ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉት የአድማ በታኝ ፖሊስ ጋሻዎች በረድፍ ወደ ጎብኚው ፊት ዞረው ቆመዋል። አንድ ሰው በፊታቸው ሲያልፍ ሳያስበው ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ እኔም ተጠጋሁ።

አባቴ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። የደከማቸው መስሎኝ «አባዬ፣ እንውጣ?» አልኳቸው። «የለም፣ የተሰበሩ መስሎኝ ነበር፤ ሰባት ዓመት እንዴት እንደቆዩ ማወቅ ፈልጌ ነው» አሉኝ። መልሱን ሙዚየሙ በደንብ ይሰጣል። ማኅበሩ በ1982 በሕግ ቢታገድም በቤት ውስጥ በሚሠራ የማተሚያ ወንፊት ጋዜጣ ይባዛ ነበር፤ ለታሰሩት ሰዎች ቤተሰቦች መዋጮ ይሰበሰብ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን መሰብሰቢያ ሆናቸው፤ ሰዎች ሬዚስተር የምትባለውን ትንሽ የሬዲዮ ዕቃ፣ ስሟ «መቋቋም» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል፣ ደረታቸው ላይ ይሰኩ ነበር። ቫዌንሳ በ1983 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጠው፣ ከአገር ከወጣሁ መመለስ እከለከላለሁ ብሎ ስለሰጋ፣ ኦስሎ ሄዳ የተቀበለችለት ባለቤቱ ዳኑታ ናት። ከዚያ በ1988 ሌላ የአድማ ማዕበል ተነሣ፤ መንግሥትም ብቻውን መግዛት እንደማይችል ተረዳ።

ስለ ክብ ጠረጴዛው የሚናገረው አዳራሽ አጭርና ንጹሕ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 1989 በዋርሶ በመንግሥትና በሶሊዳሪቲ መካከል የተካሄደው ድርድር ጠረጴዛ አምሳያ መካከል ላይ ተቀምጧል። ሰኔ 4 ቀን በተጀመረውና በሁለት ዙር በተካሄደው ምርጫ ሶሊዳሪቲ በታችኛው ምክር ቤት ሊወዳደርባቸው የተፈቀዱለትን 161 መቀመጫዎች በሙሉ፣ በላይኛው ምክር ቤት ደግሞ ከ100 መቀመጫዎች 99ኙን አሸነፈ። ቀጥሎ ባለው አዳራሽ ጎብኚዎች የሚጽፉባቸው ቀይና ነጭ ትንንሽ ካርዶች በአንድነት የማኅበሩን ዝነኛ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ይሠራሉ። የመጨረሻው ነጭ አዳራሽ ጸጥ ያለ ነው።

አሁን ቅር ያለኝን ልናገር። በእኔ አስተያየት ኤግዚቢሽኑ ከድሉ በኋላ ለሠራተኛው የሰጠው ቦታ ያንሳል። ያንን ሁሉ ታሪክ የሠራው የመርከብ መሥሪያ በ1996 ለኪሳራ ተዳርጓል፤ ከ1990 በኋላ የመጣው የገበያ ለውጥም ብዙ የማኅበሩን አባላት ከሥራ አፈናቅሏል። ይህ የታሪኩ ተቃራኒ ሳይሆን ቀጣይ ምዕራፉ ነው፤ አንድ ሙሉ አዳራሽ ይገባው ነበር። እንዲሁም ቫሌንቲኖቪችና ቫዌንሳ ብዙም ሳይቆይ መለያየታቸውን፣ እሷም በ2010 በስሞሌንስክ የአውሮፕላን አደጋ እስከሞተችበት ቀን ድረስ ከሱ ጋር አለመስማማቷን የሚያውቅ ጎብኚ፣ ጀማሪዋ ሴት ከመጀመሪያው አዳራሽ በኋላ ድምፅዋ እንደቀነሰ ይሰማዋል። ማኅበር ያቋቋመ ሰው ሁሉ መለያየትን ያውቃል፤ ቢነገር ክብር አይቀንስም ነበር።

ከዚህ በቀር የማመሰግነው ይበዛል። ከትኬቱ ጋር የሚሰጠው የጆሮ ማዳመጫ ጎብኚው ወደ አንድ ዕቃ ሲጠጋ በራሱ ይናገራል፤ አማርኛ ስለሌለው ግን ወላጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ለመተርጎም ተዘጋጅቶ ይሂድ። ሊፍት አለ፤ በየአዳራሹ መቀመጫ ይገኛል፤ ሠራተኞቹ ሽማግሌ ሰው ረጅም ጊዜ ቢቀመጥ አያጣድፉም። ለሁለት ሰዓት አስቦ የሚገባ ሰው ይቆጨዋል፤ እኛ አራት ሰዓት ፈጀብን። ትኬት የማይጠየቅበት የምድር ቤቱ የአትክልት አዳራሽ ለማረፍ ይመቻል፤ ከጣሪያው ላይ ደግሞ የቀሩት ክሬኖች በሙሉ ይታያሉ። ስምምነቱ የተፈረመበት አሮጌ አዳራሽ ከማዕከሉ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃልና ሳያዩት አይመለሱ። ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ የጎደለው ግማሽ ከላይ የጠቀስኩት አዳራሽ ነው።

ማታ ወደ በርሊን ስንመለስ ባቡሩ ገና ከከተማው ሳይወጣ አባቴ «ስምንተኛው ላይ ነው ያቆምሽው» አሉኝ። ከሰሌዳው ያነሣሁትን ፎቶ አውጥቼ ቀጠልኩ፤ ምርቱ መጀመሪያ ለአገር ውስጥ ገበያ ይቅረብ የሚለውን፣ ኃላፊ በፓርቲ አባልነቱ ሳይሆን በችሎታው ይመረጥ የሚለውን፣ ለሠራተኛ እናቶች ልጆች የመዋያ ቦታ የሚጠይቀውን፣ የወሊድ ፈቃዱን፣ ቤት ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ ይጠር የሚለውን አነበብኩላቸው። በእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሃያ አንደኛው ላይ ስደርስ፣ ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ይሁን ይላል፣ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ።

«ቅዳሜ ሙሉውን?» አሉ።

«ሙሉውን፣ አባዬ።»

«እኛ እኮ ግማሽ ቀን እንኳ ለመጠየቅ አልደፈርንም ነበር» አሉና ፎቶውን ከእጄ ተቀብለው እንደገና ከቁጥር አንድ ጀመሩ።